ከጠረጴዛው ሥር የሚነሣ ጡሩምባ፦ ለሞዴል ባቡር በአነስተኛ ወጪ ድምፅ የመስጠት አሠራር

አባቴ ከምድር ባቡር ጋር ከድሬዳዋ ወደ ጅቡቲ ሲመላለስ ያረጀ ሰው ነው። ቤታችን ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ነበር። ማታ ጡሩምባው ከሩቅ ሲሰማ እናቴ ሰዓት ሳትመለከት ከሰል ታቀጣጥላለች፤ አባቴ በሩን ሲያንኳኳ ሻዩ ፈልቶ ይጠብቀዋል። እኔ ባቡርን ያወቅኩት ከዓይኔ ይልቅ በጆሮዬ ነው። ለዚህም ነው ከዓመታት በኋላ የድሬዳዋን ጣቢያ በኮምፔንሳቶ ላይ ሠርቼ ስጨርስ፣ ትንሿ ሎኮሞቲቭ ፉርጎዎቿን እየጎተተች በዝምታ ስታልፍ ደስታዬ ሙሉ ያልሆነው።

ከዚያ በኋላ ገንዘብም ጊዜም አጠፋሁ። ያገኘሁትን መልስ ከመጀመሪያው ልናገር፦ ለእያንዳንዱ ሎኮሞቲቭ ድምፅ ለመግዛት አትጣደፉ። መጀመሪያ ለጣቢያው ድምፅ ስጡት። ከጠረጴዛው ሥር የተቀመጠ አንድ በደንብ የታሸገ የድምፅ ማጉያ፣ በሎኮሞቲቭ ሆድ ውስጥ ከተጨመቀ ውድ ዕቃ የበለጠ ያስደስታችኋል፤ ዋጋውም አይወዳደርም።

ወጪው

የእኔ ሥራ በ1፡87 መጠን፣ ማለትም ከእውነተኛው 87 ጊዜ አንሶ የተሠራ ነው። የድሮው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመር የሐዲድ ስፋት 1 ሜትር ስለሆነ፣ በዚህ መጠን ሲቀነስ 12 ሚሊ ሜትር ገደማ ይመጣል። ኤች ዜሮ ኤም የሚባለው የሞዴል ሐዲድ ይኸው ነው። ይህን የምለው መጠኑ ወጪውን ስለሚወስን ነው፤ ሎኮሞቲቩ ትንሽ በሆነ ቁጥር ውስጡ የሚገባው ዕቃም ትንሽና ውድ ይሆናል።

በሎኮሞቲቩ ውስጥ ድምፅ ለማስገባት ዲኮደር ያስፈልጋል። ዲኮደር ስል ለሳተላይት ቴሌቪዥን የምንጠቀምበትን ማለቴ አይደለም። ከአውራ ጣት የማይበልጥ ቦርድ ሆኖ በሐዲዱ በኩል የሚመጣለትን ትእዛዝ እየተቀበለ ሞተሩን፣ መብራቱንና ድምፁን የሚያዝ ነው። ኢኤስዩ ሎክሳውንድ ወይም ዚሞ የሚባሉት ጥሩዎቹ በአውሮፓ ገበያ ለአንድ ሎኮሞቲቭ 100 ዩሮና ከዚያ በላይ ያስወጣሉ። ትእዛዙን የሚልከው የዲሲሲ መቆጣጠሪያ ደግሞ ዝግጁ ሆኖ ሲገዛ 200 ዩሮ አካባቢ ወይም ከዚያ በላይ ነው። ሦስት ሎኮሞቲቭ ያለው ሰው ከ500 ዩሮ በላይ ወጪ ይጠብቀዋል፤ የመላኪያና የቀረጥ ሂሳብ ከዚህ ውጭ ነው። ዩሮውን በዕለቱ የባንክ ምንዛሪ አባዝታችሁ ራሳችሁ ተመልከቱት።

ሁለተኛው መንገድ ይኸውላችሁ። ዲኤፍ ፕሌየር ሚኒ የሚባል የኤምፒስሪ ማጫወቻ ቦርድ አለ፤ በውጭ ገበያ ከ2 እስከ 5 ዶላር ይሸጣል። ሚሞሪ ካርድ ይቀበላል፤ ድምፁን የሚያጎላ 3 ዋት አምፕሊፋየር አብሮት ተሠርቷል። የድምፅ ማጉያው (ስፒከሩ) የተበላሸ ሬዲዮ ወይም ቴሌቪዥን ውስጥ ይገኛል፤ ኃይል የሚሰጠው ደግሞ የስልክ ቻርጀር ነው። ሁሉም ተደምሮ ከ20 ዶላር ብዙም አያልፍም። ቦርዱን ከውጭ ከሚመጣ ሰው አስመጡት፤ የቀረውን በታይዋን ገበያና በሬዲዮ ጠጋኞች ዘንድ ዞር ዞር ብላችሁ ታገኙታላችሁ።

የሁለተኛው መንገድ ጉድለት አንድ ነው፤ ድምፁ ባቡሩን ተከትሎ አይሄድም። ይህ ግን የሚታሰበውን ያህል አይረብሽም። ጆሮ ወፍራም ድምፅ ከየት እንደመጣ ለመለየት ይቸገራል፤ ዓይን ደግሞ ድምፁን ወደሚንቀሳቀሰው ነገር ይስበዋል። ጠረጴዛችሁ ከ3 ሜትር ካልበለጠ እንግዳችሁ ድምፁ ከሎኮሞቲቩ የሚወጣ ነው ብሎ ይምላል።

ድምፁን መሰብሰብ

በኢንተርኔት የሚገኘው የባቡር ድምፅ በአብዛኛው የአሜሪካና የአውሮፓ ነው። ለመለማመጃ ይሁን፤ ለድሬዳዋ ጣቢያ ግን የድሬዳዋ ድምፅ ይገባዋል። ከመቅዳታችሁ በፊት የምትሠሩበትን ዘመን ምረጡ። ባቡሩ ድሬዳዋ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1902 ነው፤ አዲስ አበባ በ1917። በእነዚያ ዓመታት የሚሰማው የእንፋሎት ትንፋሽ ነበር። የናፍጣ ሎኮሞቲቮች የመጡት እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ነው። ከጣሊያን ወረራ ዘመን ጀምሮ ደግሞ ሊቶሪና የምትባል በራሷ ሞተር የምትሄድ የመንገደኛ ባቡር ነበረች፤ ከሎኮሞቲቭ ይልቅ ለአውቶቡስ የቀረበ ድምፅ ያላት። አዲሱ ባለ 1435 ሚሊ ሜትር መስመር በኤሌክትሪክ ስለሚሠራ የናፍጣ ጉርምርምታ የለውም። የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ እያሳያችሁ የናፍጣ ድምፅ ብታሰሙ፣ በዚህች ከተማ የሚያውቅባችሁ ሰው ብዙ ነው።

የሚሠራ የናፍጣ ሎኮሞቲቭ የምትቀዱበት ዕድል ካገኛችሁ አስቀድማችሁ የጣቢያውን ኃላፊ አስፈቅዱ፤ ስልክ አውጥቶ ወደ ሐዲድ የሚጠጋ ሰው ጥበቃውን ማስጨነቁ ተገቢ ነው። ከሎኮሞቲቩ 30 ሜትር ያህል ራቁ። ስልክ ጡሩምባን ከቅርብ ሲቀዳ ድምፁ ይሰነጠቃል፤ የተሰነጠቀ ድምፅ ደግሞ በኋላ በምንም አይጠገንም። የስልኩን ማይክሮፎን በትንሽ ስፖንጅ ሸፍኑት፤ ያለዚያ የምትቀዱት የድሬዳዋን ነፋስ ነው። ባጃጆች ከመንቃታቸው በፊት በማለዳ ሂዱ።

ሎኮሞቲቭ ካጣችሁ ሌላ መንገድ አለ። መብራት ሲጠፋ ከሱቅና ከሆቴል ጀርባ የሚነሣውን ትልቅ ጄነሬተር ቅዱ። ሲነሣ፣ ሥራ ሳይበዛበት ሲያጉረመርም፣ ጭነት ሲመጣበትና ሲጠፋ እያንዳንዱን ለየብቻው አንድ አንድ ደቂቃ ያዙ። ከዚያ በኮምፒውተር ላይ ፍጥነቱን በ30 በመቶ ገደማ ስትቀንሱት ድምፁ ይወፍራል፤ የጄነሬተሩ ጥድፊያ ወደ ሎኮሞቲቭ እርጋታ ይለወጣል። የእኔ ጣቢያ የሚጠቀመው ይህንኑ ነው።

በኮምፒውተር ማጽዳት

ኦዳሲቲ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ይበቃል። ድምፁን ወደ ሞኖ ለውጡ፤ አንድ ማጉያ ላለው ሥራ ስቴሪዮ ጥቅም የለውም። ቀጥሎ ትንሹ ማጉያችሁ የማይችለውን በጣም ወፍራም ድምፅ ቁረጡ። 5 ሴንቲ ሜትር ስፋት ላለው ማጉያ ከ150 ኸርዝ በታች ያለውን፣ ከስልክ ለወጣች ደቃቅ ማጉያ ከ300 ኸርዝ በታች ያለውን አውጡ። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ድምፁ የሚሳሳ ይመስለዋል። ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው፤ ማጉያው ሊያወጣው በማይችለው ድምፅ መንቀጥቀጡን ሲተው የቀረው ጥርት ብሎ ይወጣል።

የእያንዳንዱን ቅጂ ጫፍና ጫፍ ቀስ ብሎ እንዲጀምርና ቀስ ብሎ እንዲጠፋ አድርጉት፤ አለበለዚያ "ጧ" የሚል ድምፅ ያስቸግራችኋል። የሞተሩን ጉርምርምታ እየደጋገማችሁ 10 ደቂቃ የሚረዝም አንድ ፋይል ሥሩ።

ሚሞሪ ካርዱ ከ32 ጊጋባይት ያልበለጠና ፋት 32 በሚባለው ዓይነት ፎርማት የተደረገ ይሁን። ፋይሎቹን 0001፣ 0002 እያላችሁ ሰይሙና አንድ በአንድ በተራቸው ገልብጡ። አደራ፣ ሁሉንም ባንድ ጊዜ አትጎትቱ። ቦርዱ በቁልፍ ሲታዘዝ የሚከተለው የተገለበጡበትን ቅደም ተከተል እንጂ ስማቸውን አይደለም። እኔ ይህን ሳላውቅ ጡሩምባ ስጫን የፍሬን ድምፅ እየመጣ ሁለት ቀን ሽቦ ስፈታና ስበይድ ቆይቻለሁ።

ሣጥኑ

ከዚህ መመሪያ አንድ ነገር ብቻ የምትወስዱ ከሆነ ይህን ክፍል ውሰዱ። መጀመሪያ አንድ ሙከራ አድርጉ። ማጉያውን ከቦርዱ ጋር አገናኝታችሁ ራቁቱን በእጃችሁ ይዛችሁ አጫውቱት። እንደ ትንኝ ይጮኻል። አሁን አንድ የጫማ ካርቶን ወስዳችሁ ክዳኑ ላይ የማጉያውን ያህል ክብ ቀዳዳ ቁረጡ፤ ካርቶኑን ክደኑትና ማጉያውን በቀዳዳው ላይ አጥብቃችሁ ያዙት። ያው ቦርድ፣ ያው ፋይል፣ ያው ማጉያ በድንገት ደረት ያወጣል።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ማጉያው ወደ ፊት አየር ሲገፋ ወደ ኋላ ይስባል። ሁለቱ ተቃራኒ ድምፆች በጠርዙ ዞረው ሲገናኙ ይጠፋፋሉ፤ ከሁሉ በላይ የሚጠፋው ወፍራሙ ድምፅ ነው። የሣጥኑ ሥራ የኋላውን ድምፅ ማሰር ነው። ስለዚህ ሣጥኑ ምንም ያህል ቢያምር አየር የሚያሳልፍ ስንጥቅ ካለው ሥራውን አልሠራም።

ለ5 ሴንቲ ሜትር ማጉያ ርዝመቱም ስፋቱም 10 ሴንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 6 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሣጥን ከ6 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ ቁረጡ። በኮላ አጣብቃችሁ አንድ ሌሊት አሳድሩት። ማእዘኖቹን ሁሉ ከውስጥ በሲሊኮን ድፈኑ። ሽቦው የሚወጣበትን ቀዳዳም ድፈኑ፤ እሱ ይረሳል። ውስጡ ትንሽ ጥጥ ወይም የትራስ ስፖንጅ አላልታችሁ ጨምሩ፣ የጣሳ ውስጥ ድምፅ እንዳይመጣ። ማጉያውን በቪት ስታስሩ በዙሪያው ቀጭን የላስቲክ ቀለበት አኑሩ።

ሣጥኑን ከጠረጴዛው ሥር፣ ከጣቢያው ሕንፃ ትይዩ አድርጉት። ከላይ ያለውን ኮምፔንሳቶ ቀድዳችሁ ሕንፃውን ቀዳዳው ላይ አስቀምጡ፤ ድምፁ በመስኮቶቹና በበሩ ይወጣል። በሣጥኑና በጠረጴዛው መካከል የስፖንጅ ቁራጭ ይግባ። ያለ ስፖንጅ ካሰራችሁት ጠረጴዛው ራሱ ከበሮ ሆኖ ሐዲዱ ላይ የቆሙት ፉርጎዎች ይንቀጠቀጣሉ።

ሽቦው

ካውያ፣ ስታኞ፣ ናስትሮና ቴስተር ያስፈልጋሉ። የቦርዱን እግሮች ከሻጩ ሥዕል ጋር አመሳክሩ።

1. ቪሲሲ ከሚለው እግር ወደ 5 ቮልት፣ ግራውንድ ከሚለው ወደ ኔጌቲቭ። ከ5 ቮልት አትለፉ፤ ለባቡሩ የሚሆነው 12 ቮልት ቦርዱን ወዲያው ይገድለዋል። በሁለቱ መካከል 470 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር አኑሩ፤ ፖዘቲቭና ኔጌቲቩን አታገላብጡ።

2. ኤስፒኬ 1 እና ኤስፒኬ 2 ከሚሉት እግሮች ቀጥታ ወደ ማጉያው። ከሁለቱ አንዱም ከግራውንድ ጋር አይነካካ።

3. ኤዲኪይ 1 የሚለውን እግር በመጥሪያ ቁልፍ በኩል ከግራውንድ ጋር አገናኙ። ሲጫኑት መጀመሪያ የተገለበጠው ፋይል ይጫወታል። ኤዲኪይ 2ም በሌላ ቁልፍ እንዲሁ ይገናኛል፤ እሱ አምስተኛውን ፋይል ያስነሣል።

አንድ ቦርድ ባንድ ጊዜ የሚያጫውተው አንድ ድምፅ ብቻ ነው። ሞተሩ እያጉረመረመ ጡሩምባ እንዲነፋ ከፈለጋችሁ ሁለት ቦርድ፣ ሁለት ማጉያ ግዙ። የሁለት ቦርዶችን ውጤት በአንድ ማጉያ ላይ አታስሩ፤ አንዱ ሌላውን ያቃጥላል።

ለድምፁ የራሱ ቻርጀር ይኑረው። የባቡሩ ሞተር በሚሠራበት ኃይል ላይ ካሰራችሁት የሞተሩ ብልጭታ በማጉያው ውስጥ ሲጮህ ትሰማላችሁ። መብራት ሲጠፋ በፓወር ባንክ መሥራት ይቻላል፤ ነገር ግን አብዛኛው ፓወር ባንክ የሚወስደው ኃይል ትንሽ ሲሆንበት ስልኩ የሞላ መስሎት ራሱን ያጠፋል። ከቦርዱ ጋር ጥቂት መብራቶችን አብራችሁ ብትሰኩ ችግሩ ይቃለላል።

ባቡሩ ራሱ ጡሩምባውን እንዲነፋ

ሪድ ስዊች ማግኔት ሲጠጋው የሚገናኝ በብርጭቆ ውስጥ የታሸገ ማብሪያ ነው። አሮጌ የበር ማንቂያ ደወል ውስጥ ይገኛል። በጡሩምባው ቦርድ ላይ፣ ከጡሩምባው ቁልፍ ጎን ለጎን በኤዲኪይ 1 እና በግራውንድ መካከል አገናኙት፤ ከዚያ በሐዲዱ አግዳሚዎች መካከል አስተኙት። ከተበላሸ የጆሮ ማዳመጫ የወጣች ማግኔት በሎኮሞቲቩ ሆድ ላይ ለጥፉ፤ ከስዊቹ በ2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ርቃ ትለፍ። የስዊቹን እግር ስታጥፉ ብርጭቆው አጠገብ በፒንሳ ያዙት። በጣታችሁ ብቻ ካጠፋችሁት ብርጭቆው ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁም በዓይን አይታይም።

የከተማው ድምፅ

ለዚህ ቦርድም አያስፈልግም። ሚሞሪ ካርድ የምትቀበል ርካሽ ተንቀሳቃሽ ማጉያ ከጠረጴዛው ሌላኛ ጫፍ ሥር አስቀምጡ። ግማሽ ሰዓት የሚረዝም ቅጂ አዘጋጁላት፤ የቀፊራ ገበያ ጫጫታ፣ የዛፍ ላይ ወፎች፣ ከሩቅ አዛን፣ ከሩቅ የቤተ ክርስቲያን ደወል፣ አንድ ሁለት የባጃጅ ክላክስ። ዘመናችሁ የእንፋሎት ከሆነ ባጃጁን አውጡት። ድምፁ እምብዛም የማይሰማ ይሁን፤ ስታጠፉት ብቻ መኖሩ ከታወቀ ልክ ነው።

ዲኮደር መግዛት የሚገባው ማን ነው?

ባለ 45 ሚሊ ሜትር ሐዲድ ትልልቅ ሞዴል ያለው ሰው ይግዛ፤ ለእውነተኛ ማጉያና ሣጥን በቂ ቦታ አለው። በ1፡87 ከሆነ ለምትወዷት አንዲት ሎኮሞቲቭ ብቻ ይሁን። የመቆጣጠሪያውን ወጪ ለመቀነስ በአርዱይኖ ሜጋና በሞተር ቦርድ የሚሠራው ዲሲሲ ኢኤክስ አለ፤ ፕሮግራሙ ነፃ ነው፣ ስልክንም እንደ መሪ መጠቀም ይቻላል።

ማጉያው ስንት ኦም መሆን እንዳለበት ከዲኮደሩ ወረቀት ላይ አንብቡ። እኔ ከሰው ጋር ያስመጣሁት የመጀመሪያ ዲኮደር የድሮ ሞዴል ነበር፤ 100 ኦም ማጉያ ይፈልጋል። ሻጩ "ማንኛውም ይሠራል" ስላለኝ 8 ኦም አሰርኩበት። ባቡሩ አንድ ዙር ሳይጨርስ ድምፁ ጠፋ፤ ተመልሶም አልመጣ።

ሌላው የእኛ ከተማ ጠላት አቧራ ነው። ዲኮደር ኃይሉን የሚያገኘው ከሐዲዱ ስለሆነ አቧራ ላይ ጎማው ሲዘል ድምፁም ይቋረጣል። ከፋርማሲ በተገዛ አልኮል ጨርቅ አርሳችሁ ሐዲዱን ከመጫወታችሁ በፊት ጥረጉ፤ ጠረጴዛውንም በአንሶላ ሸፍናችሁ እደሩ። ዲኮደሩ መጠባበቂያ ካፓሲተር የሚቀበል ከሆነ ጨምሩለት። ከፋብሪካ የሚመጣው ድምፅ ደግሞ ከልክ በላይ ይጮኻል። በሎክሳውንድ ሲቪ 63፣ በዚሞ ሲቪ 266 የሚባለው ማስተካከያ የድምፁን መጠን ይወስናል፤ ከነበረበት ወደ ሲሶው አውርዱት። በ1፡87 ሞዴል ፊት 1 ሜትር ርቃችሁ ስትቆሙ ከእውነተኛ ባቡር 87 ሜትር እንደራቃችሁ ነው፤ በዚያ ርቀት ያለ ሎኮሞቲቭ ጆሮ አያደነቁርም። ለዲኤፍ ፕሌየሩም ይኸው ነው፤ መጠኑን በፋይሉ ውስጥ ቀንሱት።

የመጨረሻው ማስተካከያ

ሥራዬን ጨረስኩ ብዬ ባቡር ሲነዱ የኖሩ አንድ ጡረተኛ ጎረቤቴን ጠራሁ። ወንበር አስጠግቼላቸው ባቡሩን አስነሣሁ። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙና "ልጄ፣ ይኼ ሞተር ሳይበላ ነው የተነሣው" አሉኝ።

"እንዴት ጋሼ?"

"ሞተሩ ቀድሞ ይጮኻል፤ ባቡሩ ይዘገያል። ጭነቱን እስኪሸከም ድረስ።"

ልክ ናቸው። በናፍጣ ኤሌክትሪክ ሎኮሞቲቭ ሞተሩ የሚነዳው ጄነሬተሩን ነው፤ ጎማውን የሚያዞረው ከጄነሬተሩ የሚመጣው ኤሌክትሪክ ነው። ስለዚህ ድምፁ ከፍ ብሎ ጥቂት ከቆየ በኋላ ነው ፉርጎዎቹ አንድ በአንድ የሚሳቡት። በእኔ ጠረጴዛ ላይ ድምፁና ጉዞው ባንድ ቅጽበት ይጀምሩ ነበር። አሁን በሞተሩ ቦርድ ላይ ጉርምርምታውን በመጀመሪያው ፋይል፣ የመነሻውን ጩኸት በአምስተኛው አድርጌያለሁ። ሁለተኛውን ቁልፍ ተጭኜ በልቤ እስከ አራት እቆጥራለሁ፤ ከዚያ ነው መሪውን ቀስ ብዬ የምከፍተው። ዲኮደር ያላችሁም ይህን መዘግየት በማስተካከያው ውስጥ ታገኙታላችሁ።

ሁለተኛው እርማታቸው ስለ ጡሩምባው ነበር። እኔ ባቡሩ ጣቢያው በር ላይ ሲደርስ አስነፋው ነበር። እሳቸው በጣታቸው ሐዲዱን ተከትለው ወደ ኋላ ሄዱና ከማቋረጫው ማዶ አንድ ቦታ ነክተው "እዚህ" አሉ፤ "ሰው ከሐዲዱ የሚወርድበት ጊዜ ስጠው።" ሪድ ስዊቹን ነቅዬ 1 ሜትር ከ20 ወደ ኋላ ወሰድኩት። በ1፡87 ይህ 104 ሜትር ይሆናል። አሁን ጡሩምባው ሲነፋ ባቡሩ ገና ከግራር ዛፎቹ ጀርባ ነው፤ መጀመሪያ ይሰማል፣ በኋላ ይታያል።